የህንድ ምግብ ቤት ከቤተሰብ ጋር፦ ቡፌ፣ ከሜኑ ማዘዝ ወይስ ታሊ?

ስምንት ሆነን ገባን። ስምንታችንም እኩል የተቀመጥነው ግን ሂሳብ ሲመጣ ነው። ከዚያ በፊት ሁሌም አንዱ ተነስቷል፣ አንዱ ወረፋ ላይ ነው፣ አንዱ ልጁን ይዞ ጣፋጩ ጋ ቆሟል፣ እናቴ ደግሞ የሁላችንን ቦርሳና ጃኬት ትጠብቃለች። መኪና ውስጥ ስንገባ "እናንተን ላያችሁ መጥቼ ጀርባችሁን አይቼ ተመለስኩ" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔን ግን ነካኝ።

ምግቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የህንድ ቡፌ ነበር፣ ሃያ ምናምን ዓይነት የተደረደረበት፣ ቤቱን የመረጥኩትም እኔ ነኝ፣ ለምን ብትሉ "ሃያ ምናምን ዓይነት አለው" ብዬ። ስህተቴ እዚያ ላይ ነው። የምግቡን ዓይነት ቆጠርኩ፣ የሚመጡትን ሰዎች አልቆጠርኩም። ስንት ናችሁ? ስንት ልጅ አለ? ተነስቶ መቀመጥ የሚከብደው ማን ነው? የሚያቃጥል የማይችለውስ? እነዚህን ከመለሳችሁ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል ግማሹ መልስ በእጃችሁ ነው።

ሦስት ያልኩት እነዚህን ነው። ቡፌ፣ በነፍስ ወከፍ ከፍላችሁ እያነሳችሁ የምትበሉት። ከሜኑ ማዘዝ፣ ጥቂት ምግብ አዝዛችሁ መሃል ላይ አስቀምጣችሁ የምትካፈሉት። ሦስተኛው ታሊ ነው፣ ብዙ ሰው ሜኑው ላይ አይቶ የሚያልፈው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰፊ የብረት ሰሃን ይመጣል፣ ላዩ ላይ በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህኖች ከሁሉም ትንሽ ትንሽ አለ፤ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ እርጎ፣ ሩዝ፣ ቂጣ፣ ጣፋጭ ሳይቀር። ታሊ ማለት ራሱ ሰሃን ማለት ነው።

ሃያው ዓይነት ስንት ዓይነት ነው?

ብዙ የህንድ ምግብ ቤቶች እያንዳንዱን ምግብ ለየብቻ ከመጀመሪያው አይሠሩም። ጠዋት ጥቂት መሠረታዊ ስጎዎች በትልልቅ ድስት ይጣዳሉ። አንዱ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። አንዱ ቲማቲም በቅቤና በክሬም። አንዱ ነጭ ነው፣ ካሹ (የለውዝ ዓይነት ነው) ተፈጭቶ የገባበት። ከዚያ ዶሮ ሲገባበት አንድ ስም ያገኛል፣ ፓኒር ሲገባበት ሌላ ስም (ፓኒር እሳት ላይ የማይቀልጥ የህንድ አይብ ነው)፣ አትክልት ሲገባበት ሦስተኛ ስም። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ የሙያው አሠራር ነው። ከሜኑ ስታዙም መነሻው ያው ድስት ነው። ነገር ግን ስታዙ ምግቡ ለእናንተ ተብሎ መጥበሻ ላይ ይወጣል፣ የራሱ ቅመም እዚያው ይገባበታል፣ ወዲያው ይመጣል። ቡፌ ላይ ጎን ለጎን ሲቆዩ ግን ጣዕማቸው እየተቀራረበ ይሄዳል።

ስለዚህ ቡፌው ጋ ስትደርሱ ስሙን ተዉትና ቀለሙን እዩ። ብርቱካናማዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወንድማማቾች ናቸው። ሦስት ካሉ አንዱን ያዙ፣ ሆዳችሁን ለሌላ ቀለም አቆዩት። ሃያ ዓይነት የተባለው እንዲህ ሲታይ ሰባት ስምንት ቢወጣው ነው። ሰባት ስምንትም ብዙ ነው፣ አልተጣላሁም፤ ብቻ በሃያ ስም እንዳትሸወዱ።

(በነገራችን ላይ ከብርቱካናማዎቹ ዝነኛውን፣ በተር ቺክንን፣ መጀመሪያ የሠራው ማን ነው በሚል ሁለት የዴልሂ ምግብ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2024 ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ለወጥ እንዲህ ሲካሰሱ ደስ ይላል።)

መቆየት የሚወድና የማይወድ

ቡፌውን ስትከፍቱት ከምግቡ ትሪ ስር የሞቀ ውሃ አለ፣ ምግቡ የሚሞቀው በእንፋሎቱ ነው። አንዳንድ ምግብ ይሄን ይወዳል። ዳል ማክኒ የሚባለው፣ ጥቁር ጥራጥሬ ከቀይ ቦሎቄ ጋር በቅቤና በክሬም ለሰዓታት የሚበስለው፣ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል። የሽምብራው ወጥም እንዲሁ። የበግና የፍየል ሥጋው እየላላ ይሄዳል። ኪር፣ ማለትም በወተት የበሰለው ጣፋጭ ሩዝ፣ ችግር የለበትም። ቡፌ ላይ እጃችሁን የምትዘረጉት ወደነዚህ ነው።

ናን፣ የህንዱ ለስላሳ ቂጣ፣ ግን ሌላ ነው። ናን የሚጋገረው ታንዱር በሚባል የሸክላ ምድጃ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው። የምድጃው ሙቀት ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሲወጣ ገጹ ላይ ጠቆር ያሉ አረፋዎች አሉት፣ ስትቆርሱት እንፋሎት ይወጣል፣ ቅቤው ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ያንኑ ናን ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከትታችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት። የራሱ እንፋሎት ያልበዋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ቆዳ ይሆናል። የወንድሜ ልጅ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ሌላውን በሁለት እጁ ሲጎትት አይቻለሁ፤ ናኑ አሸነፈ።

ለዚህ ነው ወደ ቡፌ ቤት ስልክ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው፦ "ናኑን ትኩስ ትኩሱን ጠረጴዛ ድረስ ታመጣላችሁ ወይስ እዚያው ነው የምናነሳው?" የሚያመጡ ብዙ ናቸው። ግን ተቀምጣችሁ ዝም ካላችሁ ይረሷችኋል። አስተናጋጁ ሲያልፍ ጠይቁ፣ በሰው አንድ ሳይሆን ለሁለት አንድ እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ዙርም ትኩስ መሆን አለበት።

ክዳን ስር የተቀመጠ ሳምቡሳና ፓኮራ (በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ አትክልት) ተዉት። ውበቱ መንኮሻኮሹ ነው፣ እንፋሎት ያንን ይገድለዋል። ዶሳ፣ ያ ከተቦካ የሩዝና የጥራጥሬ ሊጥ የሚጋገረው ስስ ቂጣ፣ ከምጣዱ ወዲያው ካልተበላ ትርጉም የለውም፤ ቡፌው አጠገብ ቆሞ የሚጋግር ሰው ካለ ግን ወረፋው ረጅም ቢሆንም ቁሙ። ቢሪያኒ መሃል ላይ ነው። ሥጋውና ሩዙ ተደራርቦ፣ ድስቱ ታሽጎ በራሱ እንፋሎት የሚበስል ምግብ ነው፣ ቡፌ ላይ ሲቀመጥ ግን የላዩ ሩዝ ይደርቃል። ጭልፋውን እስከ ታች ሰድዳችሁ ከስር አውጡ። ሥጋውም ያለው እዚያ ነው።

ስለ ጤናም አንድ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ እንዲቆይ፣ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። ቴርሞሜትር ይዞ ምግብ ቤት የሚሄድ የለም። ግን ክዳኑን ስትከፍቱ እንፋሎቱ ፊታችሁን ካልመታ፣ ወይም ስጎው ላይ ስስ ቆዳ ከሠራ፣ እለፉት። ሩዝ ላይ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ለብ ብሎ በቆየ ሩዝ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ አለ፣ የሚያመነጨው መርዝ መልሰው ቢያሞቁት እንኳ ላይጠፋ ይችላል። ልጅና አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ በዚህ ቀልድ የለም። እና ቡፌ ከሆነ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ሂዱ። ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የገባ ሰው የድስቱን ጥግ ነው የሚፍቀው።

ቡፌ ሰው ይቆጥራል፣ ሜኑ ሆድ ይቆጥራል

አጎቴ ምግብ ቤት በገባን ቁጥር "እኔ አልራበኝም፣ ከእናንተ እቀምሳለሁ" ይላሉ። ሜኑ ላይ ይሄ ችግር የለውም፣ ይቀምሳሉ፣ ቀስ እያሉ ጥሩ አድርገው ይቀምሳሉ። ቡፌ ላይ ግን ለመቅመሳቸው ሙሉ ሰው ይከፈላል። አንዳንድ ቤት አብሮ ተቀምጦ አለመክፈል አይፈቀድም፣ ከአንድ ሰሃን መካፈልም እንዲሁ። ስለዚህ ሂሳቡን የማስበው እንዲህ ነው። ከምትሄዱት ውስጥ "በደንብ የሚበሉት" ስንት ናቸው? ከግማሽ በላይ ከሆኑ ቡፌ ያዋጣል። ትንሽ የሚበሉት ከበዙ፣ እናት፣ አጎት፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ "ዳይት ላይ ነኝ" የምትል እህት፣ ሜኑ ይሻላል።

የልጆች ዋጋ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ በዕድሜ ያስከፍላል፣ አንዱ በቁመት። በስልክ ጠይቁ፣ በር ላይ ቆማችሁ ልጅ እያስለካችሁ አትከራከሩ። መጠጥ ብዙ ጊዜ ቡፌው ውስጥ አይገባም። ስምንት ሰው ስምንት ላሲ (የእርጎ መጠጥ) ሲያዝ፣ ርካሽ ነው ያላችሁት ምሳ መልኩን ይቀይራል። የሥራ ቀን ምሳ ከቅዳሜና እሁድ ሊረክስ ይችላል፣ ግን ዓይነቱም ሊያንስ ይችላል። እና ቡፌ የተረፈው ቤት አይሄድም። ከሜኑ ያዘዛችሁት ግን ይጠቀለላል፣ ያ ዳል ደግሞ በማግስቱ ይበልጥ ይጥማል።

አንድ ሌላ ወጪ አለ፣ ሂሳቡ ላይ የማይጻፍ። "ከፍለናልኮ!" የሚለው። ቡፌ ላይ ሰው የሚበላው ርቦት ብቻ አይደለም፣ ገንዘቡን ለማስመለስም ነው። በዚያ ላይ የሰው አፍ አንድ ጣዕም ሲሰለቸው አዲስ ጣዕም ካገኘ ፍላጎቱ እንደገና ይከፈታል። የጠገበ ሰው ጣፋጩ ጋ ሲደርስ ቦታ የሚገኝለት ለዚህ ነው። ከመጀመሪያው ሰሃን በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጣችሁ አውሩ። ከዚያ መነሳት ካማራችሁ ተነሱ።

ከሜኑ ስታዙ የሚደረግ ስህተት

ሜኑ የሚያሸንፈው አንድ ነገር ላይ ነው፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው፦ ሁሉም ሰው ተቀምጧል። ምግቡ መሃል ላይ ነው፣ "እስቲ ያንን አቀብይኝ" ይባባላል፣ ፊት ለፊት ይተያያል። የህንድ ምግብም ቢሆን ሲጀመር ለመሃል የተሠራ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ወጥ የሚባል ነገር አይደለም።

ስህተቱ ሁሉም የየራሱን ሲያዝ ነው። አራት ሰው አራት ክሬም ያለው ብርቱካናማ ስጎ ያዝዛል፣ አራቱም ይመጣሉ፣ ሲቀማመሱ አንድ ናቸው። ይሄ ቡፌውን በውድ መግዛት ነው። ለአራት ሰው እኔ የማዘው እንዲህ ነው። አንድ ስጎ ያለው ሥጋ ወይም ዶሮ። አንድ ደረቅ ያለ አትክልት፣ ለምሳሌ ድንችና አበባ ጎመን። አንድ ጥራጥሬ። አንድ ራይታ፣ ማለትም በኪያር የተሠራ እርጎ። ሩዝ ለሁለት አንድ፣ ናን በሰው አንድ። ሰው ሲጨምር በየሁለት ሰው አንድ ምግብ እጨምራለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። ካነሰ እንደገና ይታዘዛል፣ ምድጃው አልጠፋም።

ደካማ ጎኑ መጠበቅ ነው። የተራበ የአራት ዓመት ልጅ ይዛችሁ ሃያ አምስት ደቂቃ ምን እንደሚመስል ለወላጅ አልነግርም። ገና ስትቀመጡ ፓፓድ ጠይቁ፤ ከጥራጥሬ ዱቄት የሚሠራ ስስ ነገር ነው፣ ወዲያው ይመጣል፣ ሲሰበር ድምፅ አለው፣ ልጅ ይይዛል።

የሚያቃጥለውና የማይስማማው

ቡፌ ላይ አንድ ማንኪያ ቀምሳችሁ መተው ትችላላችሁ፣ ይሄ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ግን የተሠራው ተሠርቷል፣ "አታቃጥሉብኝ" የምትሉት ሰው የለም። ሜኑ ላይ ትላላችሁ፣ እነሱም ይቀንሱታል። ቀለም ደግሞ ይዋሻል። ታንዱሪ ዶሮ እሳት የመሰለ ቀይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ቀለሙ የሚመጣው ከካሽሚር በርበሬ ነው፣ እሱ ከቀለሙ ይልቅ ለስላሳ ነው። ሰላማዊ የሚመስለው አረንጓዴ ማጥቀሻ ውስጥ ግን ጥሬ ቃሪያ አለ።

ከተቃጠላችሁ ውሃ አትጠጡ። የሚያቃጥለው ነገር ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ ውሃው አፍ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያነሳውም። ወተት፣ እርጎ፣ ላሲ ነው መድኃኒቱ። ለልጆች ራይታው መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ ካለቀሱ በኋላ አይፈለግ።

የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ግን ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ቡፌ አይሆንም። ካሹ ነጭና ክሬማማ በሆኑ ስጎዎች ውስጥ ሳይታይ ይገባል፣ ጭልፋም ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል፣ ሰው አንዱን አንስቶ ሌላው ውስጥ ይከታል፣ ራሴ አይቻለሁ። ከሜኑ እዘዙ፣ ከማዘዛችሁ በፊትም ተናገሩ፣ "ስጎው ከምን ድስት ነው የሚነሳው?" ብላችሁ እስከ ማድ ቤት ድረስ አስጠይቁ። የስንዴ ነገር የማይስማማው ናን ብቻ መተው አይበቃውም፣ ሂንግ የሚባለው ቅመም ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት ተቀላቅሎ ይሸጣል። ወተት ነክ የማይበላ ደግሞ ጥራጥሬው ራሱ በቅቤ የተቁላላ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። ሥጋ ለማይበላ ሰው ግን ከዚህ የተመቸ ማዕድ የለም፣ በሦስቱም መንገድ ይጠግባል።

ታሊን ለምን እንደምወደው

በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራትና በራጃስታን የታሊ ቤቶች ውስጥ አስተናጋጆች ድስት ይዘው በየጠረጴዛው ይዞራሉ፣ ያለቀውን ይሞላሉ፣ በቃኝ እስክትሉ አይተዉአችሁም። አስቡት፣ ቡፌ ነው፣ ግን የሚሄደው እሱ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። በደቡብ ህንድ ደግሞ ያው ሐሳብ በሙዝ ቅጠል ላይ ይመጣል። ሁሉም ቤት ግን አይሞላም፣ አንዳንዱ አንዴ ብቻ ነው የሚያቀርበው፣ ጠይቁ።

መነሳት ለሚከብዳቸው ሰዎች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ እንግዳ፣ ሜኑ አንብቦ መወሰን ለሚያናድደው ሰው፣ ከታሊ የተሻለ የለም። ጉድለቱ መካፈል ላይ ነው። ሁሉም የራሱ ሰሃን አለው፣ እጅ የነካውን ከሌላው ሰሃን ማንሳት ህንዶች ዘንድ ብዙም አይወደድም፤ ጁታ ይሉታል፣ አፍ ወይም የሚበላበት እጅ የነካው ማለት ነው። ልጆችም ከስምንቱ ሳህን አምስቱን አይነኩም። ለነሱ አንድ ናንና አንድ ዳል ለብቻ አዝዛችሁ ታሊውን ለአዋቂዎቹ ተዉ።

እንግዲህ የኔ ምርጫ። እስከ አራት ሰው ከሆንን ሜኑ፣ ሳላስብ። አዛውንት ያሉበት ትንሽ ማዕድ ከሆነ ታሊ። ከስድስት በላይ ከሆንን፣ ራሳቸውን ችለው ሰሃን የሚይዙ ልጆችና ጥሩ የሚበሉ ጎረምሶች ካሉ፣ ቡፌ፤ በአንድ ሰው መጋበዣ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፣ ሂሳቡ ከመግባታችሁ በፊት ስለሚታወቅ ጋባዡ በሰላም ይበላል።

ቡፌ ከሆነ ግን አንድ ዘዴ አለን አሁን። የመጀመሪያውን ዙር ሁለት ሰው ብቻ ይሄዳል። በአንድ ሰሃን አንድ ዓይነት ብቻ ይዘው ይመጣሉ፣ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ሁላችንም ከዚያ እናነሳለን። ሁላችንም ከፍለን ስለገባን እስካሁን የከለከለን ቤት አላጋጠመኝም፣ ባዶ ሳህን ጨምሩልን ስንል ግን ግራ የተጋቡ አሉ። ከዚያ በኋላ የፈለገ ይነሳል።

ባለፈው ሁለቱን የወንድሜን ልጆች ላክናቸው። እናቴ ትኩስ ናን በእጇ ይዛ፣ ዳሉን እያጠቀሰች፣ የሁሉንም ወሬ ሰማች፣ የማይመለከታትንም ጭምር። ጣፋጩ ላይ ሲደረስ ትንሹ "አያቴ፣ ጉላብ ጃሙን ላምጣልሽ?" አላት። ከደረቀ ወተት ሊጥ ተድቦልቡሎ የሚጠበስ፣ የስኳር ሽሮፕ ውስጥ የተነከረ ኳስ ነው፣ ሞቅ ሲል ነው የሚበላው። "ተው ልጄ፣ እሱን እኔው ልምረጥ" ብላ ተነሳች። ቦርሳዋን ለኔ አስያዘችኝ። ሦስት ይዛ መጣች፣ ለማንም አላካፈለችም።